ፈዋሹ መጥረቢያ ደረሰው

ሃምሳ ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረኝ ሌቭል አንድ ሆንኩ። ሌቭል አንድ ማለት በኮምፒውተር ውስጥ የተቀዳደደ ሱሪ ለብሶ፣ የእንጨት ሰይፍ ይዞ፣ ከአንድ መንደር ዳር የሚርመሰመሱ አይጦችን መግደል ማለት ነው። አይጦቹም ዝም ብለው አይሞቱም። በመጀመሪያው ቀን ሁለቴ ገድለውኛል።

ጨዋታው በኢንተርኔት ከሚጫወቷቸው አንዱ ነው። አንድ ገጸ ባህሪ ትፈጥራለህ፤ ተዋጊ፣ ቀስተኛ፣ አስማተኛ ወይም ፈዋሽ ታደርገዋለህ። ጭራቅ እየገደለ፣ የሰው መልእክት እያደረሰ፣ የማያውቀው ገበሬ ያዘዘውን የተኩላ ቆዳ እየሰበሰበ ሌቭሉ ከፍ ይላል። ከየአገሩ የገባ ሺህ ሰው በዚያው ዓለም ውስጥ ይተራመሳል። ማለቂያ የለውም። አለቃህ የት እንዳለ አታውቅም፤ የሰበሰብከው ቆዳ ለምን እንደሚጠቅም የሚነግርህ የለም፤ ስትጨርስ ሌላ ወረቀት ይሰጥሃል። ለሃያ ምናምን ዓመት የመንግሥት ሠራተኛ ለሆነ ሰው የሚከብድ ነገር የለውም።

ድሮ፣ ሶዶ ውስጥ ኢንተርኔት ቤት በየመንገዱ በነበረበት ጊዜ፣ ይህን ጨዋታ ከአንድ ወዳጄ ጋር ለዓመታት ተጫውተነዋል። ወዳጄ ነጋዴ ነው። አያቱ ከጉራጌ መጥተው ገበያው ላይ ሱቅ የከፈቱ ሰው ናቸው፤ እሱ ግን ወላይትኛን ከብዙ ወላይታ በላይ አሳምሮ ይናገራል፤ ለዚህም ምስክር ሳትጠይቀው ራሱ ይመሰክራል። ጮክ ብሎ ይስቃል፣ ጮክ ብሎ ይከራከራል፤ ስለ ራሱ ያለው አስተያየት ጥሩ ነው። በዚያን ጊዜ ከተማው ሁሉ ጌም ልጆችን ያበላሻል ይል ስለነበር፣ እኔ ጌም መጫወት ልብ ወለድ ከማንበብ አያንስም የሚል ጽሑፍ ጻፍኩ። ኋላ ጎረቤቶቼ ለልጆቻቸው ስልክ ገዝተው ጌም አእምሮ ያሰላል ማለት ሲጀምሩ መጫወቱን ተውኩት። ብዙ ሰው የተስማማበት ነገር ውስጥ ስቆይ ትንፋሽ ያጥረኛል። ወዳጄ ግን ሱቁን ዘግቶ ማምሻውን አንዳንዴ ይጫወት ነበር፤ ተዋጊው ጨዋታው ከሚፈቅደው ሌቭል ሁሉ ጫፍ ላይ ደርሷል።

ከፋሲካ በኋላ ይህን ሰው ስትሮክ መታው። ኦቶና ሆስፒታል ተኛ፤ ተረፈ፤ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለው፤ በዱላ ይሄዳል፤ አፉ ወደ አንድ ወገን ተሳበ። ንግግሩ የሚወጣው ትኩስ ገንፎ ጎርሶ እንደሚናገር ሰው፣ ቃል በቃል፣ በመሃሉ ረጅም ዝምታ እየገባበት ነው። አእምሮው ግን ምንም አልሆነም፤ እንደ ድሮው ነው ማለቴ ነው፤ ከዚያ በላይ መመስከር አልችልም።

እኛ ዘንድ ሰው ሲታመም ቤቱ የእሱ መሆኑ ያበቃል። ጎረቤት ይገባል፣ ዕድርተኛ ይገባል፣ የቸርች ጸሎት ቡድን ይገባል፤ ሁሉም ከበሽተኛው ፊት ለፊት ተደርድሮ በሽተኛውን ያያል። «አይዞህ» ይሉታል። ከዚያ ስትሮክ ስለመታው ሌላ ሰው እርስ በርስ ያወራሉ። ወዳጄ ይህን ለጥቂት ቀናት ቻለና አንድ ቀን ተነስቶ ከሳሎኑ በስተጀርባ ባለችው ክፍል ገብቶ ዘጋ።

ሰኔ ላይ ሚስቱ ቤቴ ድረስ መጣች። ጃንጥላዋን በሩ ላይ አራገፈችና ሳትቀመጥ ጀመረች።

«መምህር፣ ሰው አላይም አለኝ። ፓስተሩን እንኳን አላስገባ አለ።»

«ፓስተሩ ምን አደረገ?»

«ከበሩ ውጭ ሆኖ ጸለየ። ረጅም ጸለየ።»

«እንግዲያው መዝጋቱ ልክ ነው።»

«አትቀልድብኝ!» አለች። «ሱቅ ቀረ፣ ቸርች ቀረ፣ እስከ ግቢው በር እንኳን አይወጣም። ሐኪሙ ተንቀሳቀስ፣ ከሰው ጋር አውራ ነው ያለው። ክረምቱን እንዲህ ካለፈ ተቀምጦ ነው የሚቀረው። ተቀምጦ የቀረ ሰው አላየህም?»

አይቻለሁ። ሁላችንም አይተናል። በየሰፈሩ አንድ አለ፤ ፀሐይ ሲወጣ ከነወንበሩ የሚያወጡት፣ ዝናብ ሲመጣ የሚያስገቡት።

አብሬያት ሄድኩ። በሩን አንኳኳሁ። ከውስጥ አንድ ቃል መጣ፤ ለመውጣት ጊዜ ወሰደበት፤ «ሂድ» ነበር። ሚስቱ ወደ ኩሽና ወሰደችኝና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ዩኒቨርሲቲ የገባችው ልጃቸው ትታው የሄደችው ኮምፒውተር እዚያች ክፍል ውስጥ እንዳለ፣ የድሮውን ጨዋታ ከፍቶ እንደሚቀመጥ ነገረችኝ።

«ይጫወታል?»

«አይጫወትም። ከፍቶ ያያል። የጨዋታው ሰውዬ በከተማው መሃል ይቆማል፣ እሱ ደግሞ ያየዋል። መምህር፣ አንተም እዚያ ግባና አግኘው።»

«እኔ እኮ ትቼዋለሁ።»

«ታዲያ ጀምራ! ለመጫወትም መጀመሪያ ጽሑፍ ማውጣት አለብህ እንዴ?»

የድሮ ተዋጊዬን ላገኘው አልቻልኩም። ፓስወርዱ ጠፍቷል። መልሶ ለማግኘት ጨዋታው የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበር፤ «የምትወደው መምህር ማን ነው?» ይላል። ይህን ጥያቄ ስመልስ የነበርኩት ሰው ቅን መልስ እንደማይሰጥ አውቃለሁ፤ ምን ዓይነት ፌዝ እንደጻፈ ግን ማስታወስ አልቻልኩም። የመምህራንን ስም፣ የእንስሳትን ስም፣ ጥቂት ስድቦችን ሞከርኩ። አካውንቱ ተቆለፈ። ስለዚህ አዲስ ከፍቼ ወደ አይጦቹ ሄድኩ።

ከሁለተኛው ሞቴ በኋላ ወደ ከተማው አደባባይ ብቅ ስል ወዳጄ ቆሟል። ወርቃማ ጥሩር፣ ከሰው የሚረዝም ሰይፍ፣ ከጀርባው የሚነድ ካባ። ከእግሩ ስር ሆኜ በቻት ማን እንደሆንኩ ጻፍኩለት። ብዙ ቆየ። በግራ እጁ አንድ አንድ ፊደል እየፈለገ እንደሚጽፍ አላሰብኩም ነበር።

«አይጥ?» አለ።

«ሁለቴ» አልኩ።

ከዚያ «ሃ» መጣ።

ሚስቱ በማግስቱ ደውላ ብቻውን ሆኖ ሲስቅ እንደሰማችው፣ ከታመመ ወዲህ የመጀመሪያው እንደሆነ ነገረችኝ። በሞቴ ነው የሳቀው። ለወዳጅነት ብዬ ያደረግኩት ነገር ብዙ አይደለም፤ ይህን ግን አድርጌያለሁ።

ተዋጊውን በአንድ እጅ መጫወት አይቻልም። አንዱ እጅ ያስኬዳል፣ ሌላው ይመታል። ስለዚህ እሱም አዲስ ገጸ ባህሪ ከፈተ፤ ፈዋሽ። ፈዋሽ ቀስ ብሎ ከኋላ ይከተላል፤ የቆሰለውን በመዳፊት ይጫንና ያድነዋል። ድሮ ፈዋሽ የፈሪ ሥራ ነው ይል ነበር፤ አሁን ይህን አላነሳሁበትም፤ ደጋግሜ ልጽፈው ብዬ ደጋግሜ አጥፍቼዋለሁ። በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንገናኝ ጀመር። ቤቶቻችን መሃል ያለው መንገድ አንድ ሰው ሻይ እስኪበርድለት የሚያልቅ ነው። እኛ ግን እሱ በእሱ ቤት፣ እኔ በእኔ ቤት ተቀምጠን በሌለ ጫካ ውስጥ አብረን ረጅም መንገድ እንሄድ ነበር። ክረምት ስለሆነ መብራት ይጠፋል። እኔ ቤት ሲጠፋ ተዋጊዬ እንደቆመ ይደርቅና ወዳጄ እያከመ ይጠብቀዋል። እሱ ቤት ሲጠፋ ደግሞ እኔ እሞታለሁ።

ሌቭላችን ከፍ ሲል ሁለት ሰዎች ተጨመሩ። አንዱ ሻንቶ ከተማ የሚያስተምር የፊዚክስ መምህር ነው፤ ድሮ ተማሪዬ ነበር፤ አስማተኛ ሆኖ ይጫወታል፤ ጨዋ ልጅ ስለሆነ ከሰላምታ ጋር ነው የሚዋጋው። ሌላዋ እሱ ያመጣት፣ ሃላሌ ከተማ ወረዳ መሥሪያ ቤት የምትሠራ፣ ከሥራ በኋላ ምንም የሚሠራ ነገር የለም እያለች የምትማረር ቀስተኛ ናት። ሁለቱም ወዳጄን አያውቁትም። መታመሙን አልነገርኳቸውም፤ እሱም ይህንኑ ነው የፈለገው። ከሁለት ቃል በላይ ስለማይጽፍ እጅግ የበሰለ ሰው አድርገው ይቆጥሩት ጀመር። የሃላሌዋ «ጋሼ ፈዋሹ» ትለዋለች። እኔ ባለ ሙሉ ዓረፍተ ነገሩን ግን ስሜን ትታ «ሰይፉ» ነው የምትለኝ።

«ጋሼ ፈዋሹ ምን ይላሉ? እንግባ?»

«ጠብቁ» ይላል እሱ።

«ሰይፉ፣ ጠብቅ ተብለሃል!» ትላለች።

ሚስቱ በየሳምንቱ ወሬ ታቀብለኝ ነበር። ምግብ ይበላል፤ አንዳንዴ ሳሎን ይወጣል። ግቢው በር ድረስ ግን አሁንም የለም። ሰው ሲመጣ ክፍሉን ይዘጋል። የሻንቶው መምህር አንድ ቀን በማይክሮፎን እናውራ ሲል ወዳጄ «ማይክ የለም» ብሎ ጻፈና ለሁለት ቀን ጠፋ። ማይክ እንዳለው አውቃለሁ፤ ኮምፒውተሩ ላይ የተሠራ ነው።

አሁን ወደ ዕቃው ክፍፍል ልምጣ፤ ጠቡ የተነሳው በእሱ ነው።

በዚህ ጨዋታ አንድ ትልቅ ጭራቅ ሲሞት ዕቃ ይጥላል፤ ሰይፍ፣ በትር፣ ካባ፣ ቀለበት። ለማን ይሁን? በዓለም ዙሪያ ያሉ ተጫዋቾች መልሱን ያውቁታል። ሰይፉ ለተዋጊ፣ በትሩ ለፈዋሽ፣ ቀስቱ ለቀስተኛ። የመጀመሪያውን ትልቅ ጭራቃችንን ገድለን ዕቃው ሲወድቅ ግን ወዳጄ በግራ እጁ ሦስት ፊደል ጻፈ፤ «ቅርጫ»።

ማንም ምን ማለትህ ነው አላለውም። እኛ አገር መስከረም ላይ የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታና መስቀል ሲመጡ ቅርጫ ያልገባ ቤት የለም። የእኛ ሰፈር ሰዎችም በየዓመቱ በሬ በጋራ እናርዳለን። ሥጋው በእንሰት ቅጠል ላይ እኩል መደብ ይደረጋል፤ እያንዳንዱ መደብ ከጮማውም ከአጥንቱም ከጨጓራውም ይደርሰዋል። ባለ ድርሻው ሁሉ አንዳንድ ምልክት ይሰጣል፤ ቁልፍ፣ የእስክሪብቶ ክዳን፣ ያገኘውን። ሲመደብ ያላየ ሰው ከመንገድ ይጠራና ምልክቶቹን መደቦቹ ላይ ይጥላል። የደረሰህ የደረሰህ ነው። በእኛ ቅርጫ ደግሞ መደቡን የሚመድበው ለብዙ ዓመታት ወዳጄ ነበር፤ ከዚህ በላይ የሚኮራበት ነገር አልነበረውም፤ ሱቁን ጨምሮ። ዘንድሮ ግን በሚስቱ በኩል «ሌላ ሰው ፈልጉ፣ እኔንም አትቁጠሩኝ» ብሎ ልኳል።

ዋሻው አፍ ላይ ዕቃውን በአራት መደብ ደረደረው። አንዱ መደብ ደከም ሲልበት ከራሱ ከረጢት እንጉዳይ ይጨምርበታል። ሌላው በረታ ሲልበት የአይጥ ጭራ ያክልበታል፤ ይህ ለምን እንደሚያመጣጥነው አልገባኝም። ምልክት ጠየቀን፤ እኔ አዝራር ሰጠሁ፣ የሃላሌዋ ላባ ሰጠች። ከዚያ በመንገዱ የሚያልፍ አንድ የማናውቀውን ተጫዋች አስቆመና እነዚህን ምልክቶች እዚህ መደቦች ላይ ጣልልን አለው። ሰውየው ከየት አገር እንደሆነ አላውቅም። ጣለልን። ከዚያ ምን እያደረጋችሁ ነው ብሎ በእንግሊዝኛ ጠየቀ።

የሃላሌዋ «ሥጋ እየተከፋፈልን ነው» ብላ መለሰችለት።

ሰውየው ትንሽ ቆሞ ሄደ።

ፈዋሹ መጥረቢያ ደረሰው። ባለ ሁለት አፍ፣ ሊያነሳው የማይችለው መጥረቢያ። እኔ ተዋጊው በሰማያዊ ዕንቁ ያጌጠ የፈዋሽ በትር ደረሰኝ። አስማተኛው የቀስት ኮሮጆ፣ ቀስተኛዋ የብረት ቆብ። «እንቀያየር» ብዬ ጻፍኩ።

«ነውር» አለኝ ወዳጄ።

«እውነቱን ነው» አለች የሃላሌዋ። «ከወጣ በኋላ መቀያየር ምን ይሉታል?»

«መምህር፣ እኔም የተመቸኝ አይደለም፣ ግን ዕጣ ነው» አለ የሻንቶው።

እንዲህ ሆነን ሳምንታት ቆየን። በሚገባ ስንተያይ የሰርከስ ቡድን እንመስል ነበር። ሌቭላችን ከፍ ብሏል፤ የያዝነው ግን የየራሳችን አይደለም። ይህ እስከ አንድ ቦታ ድረስ ያስኬዳል። ቦታው ረግረግ ውስጥ ያለ ዋሻ ነው፤ መጨረሻው ላይ ብዙ አፍ ያለው ጭራቅ ይጠብቃል። ደጋግመን ገባን፤ ደጋግሞ በላን። እኔ በፈዋሽ በትር ጭንቅላቱን እየመታሁ፣ ወዳጄ መጥረቢያ ታቅፎ በባዶ እጁ እያከመኝ።

በዚህ ጊዜ ስለ ፍትሕ ተናገርኩ። ስለ ድርሻና ስለ ፍላጎት ያነበብኩት ብዙ ነው፤ የማይጠቀምበትን ዕቃ ለሰው መስጠት እኩልነት ሳይሆን የእኩልነት ቲያትር እንደሆነ በሰፊው አስረዳሁ። ቻቱ ረጅም ጽሑፍ ስለማይቀበል ቆራርጬ ላክሁት። ጭራቁ በመሃሉ የሻንቶውን በላው።

«ሰይፉ፣ አስተማሪ ነህ እንዴ?» አለች የሃላሌዋ።

«ነኝ።»

«ያስታውቃል።»

ወዳጄ «እሺ። አንተ ቁረጥ» አለ። ጥቂት ቆይቶም «ልይህ» ጨመረበት።

ቆረጥኩ። ያለንን ዕቃ ሁሉ አንድ ላይ አስቀምጬ ከመጀመሪያው አከፋፈልኩት። በትሩን ለፈዋሹ ሰጠሁ። መጥረቢያው ለእኔ ሆነ፤ ተዋጊ እኔ ነኝ። ጋሻው፣ የብረት ቆቡ፣ ጥሩሩም ለእኔ፤ ከፊት ቆሞ የሚመታው እኔ ነኝና። አስማተኛው መጽሐፍና ቀለበት አገኘ። ለቀስተኛዋ ከኮሮጆው በቀር የሚሆን ነገር አልነበረም፤ ከሩቅ ስለምትተኩስ ሌላ ነገር እንደማያስፈልጋት አስረዳኋት። ጤነኛ አእምሮ ያለው ሰው የሚቃወመው ክፍፍል አልነበረም። አሁንም እንደዚያው ነው የማምነው።

በማግስቱ ጭራቁን በመጀመሪያው ሙከራ ገደልነው።

የሃላሌዋ «እንኳን ደስ አለህ» ብላ ጻፈች። አላችሁ አላለችም። ከዚያ ወጣች፤ በቀጣዮቹ ቀናትም አልመጣችም። የሻንቶው ፈተና ማረም አለብኝ አለ፤ ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ወዳጄ ጭራቁ ከሞተ በኋላ ሬሳው አጠገብ ቆሞ ሁለት ቃል ጻፈ።

«ለራስህ ቆረጥክ።»

ከዚያ እሱም ጠፋ።

በሌላ አገር ይህ ተራ ወቀሳ ሊመስል ይችላል። እኛ ዘንድ ሌባ ቢሉህ ይሻላል። ሌባን ተርቦ ይሆናል የሚልለት ሰው አይጠፋም፤ ለራሱ የቆረጠ ሰው ግን ጠግቦ ነው።

ከጥቂት ቀን በኋላ ሚስቱ ደወለች።

«ምን አደረግከው?»

«አሸነፍን» አልኳት።

«ኮምፒውተሩን አይከፍትም። እንደ መጀመሪያው ሆኗል። ተኝቶ ጣራ ያያል። መምህር፣ አደራ ብዬህ አልነበረም?»

በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ገብቼ አደባባዩ ላይ ቆሜ ጠበቅኩት። የሃላሌዋን አንድ ቀን አይቻት ዕቃውን መልሼ ልስጥሽ አልኳት። «ለእኔ ነው እንዴ የምትመልሰው?» ብላኝ ሄደች። ወዳጄ ግን አልመጣም። ክረምቱ እያለቀ ነበር፤ ሚስቱ የፈራችው ቀን ደግሞ ከክረምቱ ጋር እየቀረበ ነበር።

የቅርጫችን ሰብሳቢ ጡረታ የወጡ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ናቸው። በሬው ተገዝቶ ሲመጣ ወደ እኔ መጡ።

«መምህር፣ ዘንድሮ አንተ ነህ የምትመድበው።»

«እኔ?»

«የተማርክ ነህ። ፍትሕ ፍትሕ ትላለህ። ይኸው በሬው።»

እምቢ ማለት ነበረብኝ፤ ደስ አለኝ። አንዳንድ ሰዎች በኋላ ወዳጄን ለማስወጣት አስቤ ያደረግኩት እንደሆነ አውርተዋል፤ እኔም ጥቂት ጊዜ ዝም ብዬ አስወርቻለሁ። እውነቱ ግን፣ በደንብ እንደምሠራው አምኜ ነው።

በዕርዱ ጠዋት ሰማዩ ጠርቶ ነበር። በሬው ታርዶ፣ ተገፎ፣ ቅጠሉ በግቢው ሣር ላይ ተነጥፎ፣ አራጁ ሥጋውን እየቆረጠ ያቀብለኛል። እኔ መደብ አደርጋለሁ። የእያንዳንዱን ቤት አስቤበት ነበር። ብዙ ልጅ ላለው ብዙ ሥጋ፤ ሽማግሌ ላለበት ቤት ለስላሳ ለስላሳውን፤ ሻኛውን ለማንም የግድ ስላልሆነ ወደ ጎን አስቀመጥኩት። ሰዎቹ ከበው ያያሉ። ሰብሳቢው ወደ አንዱ መደብ ጎንበስ አሉ።

«ይኼኛው ለምንድን ነው ጉበት ጉበት ብቻ የሆነው?»

«ጥርስ ለሌለው ሰው ነው።»

«ዕጣው ለእኔ ቢወጣስ? እኔ ጥርስ አለኝ።»

ዕጣ መኖሩን ረስቼው ነበር። ለእያንዳንዱ ቤት የሚስማማ መደብ ሠርቼ ስጨርስ በዕጣ እንደሚበተን አላሰብኩበትም። ሁሉም ያየኛል። አራጁ ቢላዋውን ይዞ ያየኛል።

«ያኔ እንነጋገራለን» አልኩ።

«ጉድ ነው! በሬው ሞቶ አላረፈም እኮ» አለ ከኋላ አንዱ።

ያኔ ነው የግቢው በር የተከፈተው። ወዳጄ በዱላ፣ ሚስቱ ከኋላው፣ ቀስ እያሉ ገቡ። ኮት ለብሷል። በኋላ እንደነገረችኝ፣ ማን እየመደበ እንደሆነ ለወሬ ያህል ስትነግረው ጫማውን ጠየቀ።

ሰው ሁሉ ተነሳ። ብዙዎቹ ከታመመ ወዲህ አላዩትም። አንድ ጎረቤታችን ፊቱ እያዘነ፣ እጁን ዘርግቶ ወደ እሱ ሄደ።

«አይዞህ ታ ኢሻው» አለው በወላይትኛ፣ ወንድሜ ማለቱ ነው፤ «አይዞህ፣ እግዚአብሔር ...»

ወዳጄ አልፎት መጣና ቅጠሎቹ ዳር ቆመ። መደቦቹን ከጫፍ እስከ ጫፍ አያቸው። አፉ መንቀሳቀስ ጀመረ። ያ የተጎተተ፣ የተኮላተፈ ድምፅ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሲወጣ ሚስቱ ዓይኗን ወደ መሬት አደረገች።

«ይኼ ... ምን ... ድን ነው?»

ዓይኑን ከጉበቱ መደብ አንስቶ ዙሪያውን ፈለገ።

«ሻኛው ... የት ... አለ?»

«ጎን አስቀምጦት ነው!» አሉ ሰብሳቢው፣ ለመክሰስ ሲጠብቁ እንደቆዩ ሰው። «ለማንም አያስፈልግም አለ እኮ! ሻኛ!»

ወንበር መጣ። ተቀመጠ። በግራ እጁ እያመለከተ ያደረግኩትን ሁሉ አፈረሰው። ያንን ወዲያ፣ ይህን ወዲህ። ጉበቱ ተበትኖ ለሁሉም ደረሰ፤ ሻኛው ተቆራርጦ ለሁሉም ደረሰ። ለአንድ ትእዛዝ የሚወስድበት ጊዜ ረጅም ነበር፤ ፀሐዩ እየከረረ ነበር፤ ዝንቡ እየበዛ ነበር። ያ ያዘነው ጎረቤታችን ሊረዳው ብሎ ወዳጄ ጀምሮ ያልጨረሰውን ቃል ጨረሰለት። ወዳጄ ቆም አለ፣ ሰውየው ዝም እስኪል ጠበቀው፣ ከዚያ ዓረፍተ ነገሩን ከመጀመሪያው ጀመረው። ከዚያ በኋላ ማንም አልረዳውም። እንደ ጠዋት ጸሎት ሁሉም ዝም ብሎ፣ ሥጋ በእጁ ይዞ፣ ቃሉ እስኪመጣ ይጠብቃል። እኔም ተሸካሚ ሆኜ አገለገልኩ፤ አንዴ አንድ የጎድን አጥንት የተሳሳተ መደብ ላይ ሳስቀምጥ «ሰ ... ይፉ!» ብሎ ጮኸብኝ። ከእኔ በቀር ማንም ምን ማለቱ እንደሆነ አላወቀም።

ሲያልቅ መደቦቹን ቆጠርኳቸው። ከእኛ ቁጥር አንድ ይበልጣሉ። ተሳሳተ ብዬ አፌን ልከፍት ስል ሰብሳቢው በክርናቸው ነኩኝ። ምልክት ሲሰበስቡ ወደ እሱም ሄደው እጃቸውን ዘረጉ። ወዳጄ በግራ እጁ ቀኝ ኪሱን ለማግኘት ታገለና የሱቁን ቁልፍ አውጥቶ ሰጣቸው። ከመንገድ የተጠራ የባጃጅ ሹፌር ምልክቶቹን ጣለ። ስለ ደረሰኝ መደብ የምለው የለም፤ ከሁሉም ጋር እኩል ነበር።

ስንመለስ ሚስቱ ቀድማ ሄደች። እኔ የሁለታችንንም ሥጋ በፌስታል አንጠልጥዬ አጠገቡ እሄዳለሁ። ስለ ረግረጉ አላነሳሁም፤ እሱም አላነሳም። መታጠፊያው ላይ፣ ገበያ አጠገብ ሱቅ ያለው አንድ የሥራ ጓደኛው አገኘንና ደንግጦ ቆመ።

«አንተ! እንዴት ነህ?» አለው።

ሰው እንዲህ ሲል መልስ ፈልጎ አይደለም። ወዳጄ ግን ዱላውን አደላደለና ይመልስለት ጀመር። ከፋሲካ ማግስት ነው የጀመረው፤ ሱቁ ውስጥ ቆሞ እንደነበር፣ በየትኛው እጁ ምን ይዞ እንደነበር፣ ማን እንዳነሳው፣ ኦቶና ስንተኛው አልጋ ላይ እንደተኛ። በእያንዳንዱ ቃል መሃል አንድ ባጃጅ ያልፋል። ሰውየው ራሱን ይነቀንቃል። ፌስታሉ ጣቴን እየቆረጠኝ ነበር፤ ፀሐዩ አናት ላይ ደርሷል፤ በዚህ ሙቀት ሥጋ እንደማይቆይ ለሁለቱም ለመንገር ብዙ ጊዜ አሰብኩ። ገና ሐኪሙ ጋ ነው የደረሰው። እጄን ቀየርኩና ቆምኩ።